ትራንዚስተር ፔዳልና ቲዩብ አምፕሊፋየር፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም በትራንዚስተርና በአይሲ (ብዙ ትራንዚስተሮችን በያዘ ቺፕ) የሚሠሩ የጊታር ኢፌክት ፔዳሎችን፣ ማለትም በእግር እየተረገጡ የጊታሩን ድምፅ የሚለውጡ ሣጥኖችን፣ በቲዩብ (አየር በሌለበት የብርጭቆ አምፖል) ከሚሠራ አምፕሊፋየር ጋር አብሮ መጠቀም ነው። ስለዚህ በዚህ ዕትም ዓምዱን በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹ ሐሳባቸው ሳይጓደል አጥረዋል።

ጥያቄ፦ ለረጅም ጊዜ ገንዘብ አጠራቅሜ ባለ 30 ዋት ቲዩብ አምፕሊፋየር ገዝቻለሁ። ከድሮው አምፕሊፋየሬ ጋር ስጠቀምባቸው የነበሩ ሦስት ፔዳሎችም አሉኝ። አብሮኝ የሚጫወት ጓደኛዬ ግን ትራንዚስተርን ከቲዩብ ፊት ማስቀመጥ ድምፁን ያበላሸዋል፣ ውሎ አድሮም ቲዩቦቹን ያቃጥላል ይለኛል። እውነት ነውን?

መልስ፦ ጓደኛዎ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድነት አንሥተዋልና ለየብቻ እንመልከታቸው። በቅድሚያ ጉዳቱን እንይ። ከጊታር ፒክአፕ (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው ክፍል) የሚወጣው ሲግናል በጣም ትንሽ ነው፤ በተለመደው አመታት የአንድ ቮልት አንድ አሥረኛ ገደማ ሲሆን፣ ጠንካራ ፒክአፕ ያለው ጊታር በኃይል ሲመታ ለቅጽበት አንድ ቮልትና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። በ9 ቮልት የሚሠራ ፔዳል ደግሞ ቮልቴጁን በውስጡ የሚያሳድግ ልዩ ክፍል ከሌለው በቀር ከሞገዱ ግርጌ እስከ አናቱ ሲለካ ከ9 ቮልት የሚበልጥ ሲግናል ሊያወጣ አይችልም። ይህ ሲግናል የሚቀበለው የመጀመሪያው ቲዩብ በአብዛኞቹ የጊታር አምፕሊፋየሮች 12ኤኤክስ7 የሚባለው ነው፤ አውሮፓውያን ኢሲሲ83 ይሉታል። ይህ ቲዩብ በአኖዱ (ጅረቱን በሚሰበስበው ጫፍ) ላይ ከ100 ቮልት በላይ ተሸክሞ የሚሠራ ሲሆን፣ ከግሪዱ (ሲግናሉ ከሚገባበት ጫፍ) በፊትም በተለምዶ የ68 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ስለሚቀመጥ ከፔዳሉ ወደ ግሪዱ ሊፈስ የሚችለው ጅረት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በመሆኑም ፔዳሉ የቱንም ያህል ቢያይል ቲዩቡን አያቃጥለውም። መጨረሻ ላይ ስፒከሩን የሚነዱት ትልልቆቹ ቲዩቦች፣ ማለትም እንደ ኢኤል34 እና 6ኤል6 ያሉት፣ ጠንክረው በሠሩ ቁጥር ዕድሜያቸው እያጠረ መሄዱ እውነት ነው፤ ሆኖም ይህ የአምፕሊፋየሩን ቮልዩም ከፍ አድርጎ በመጫወትም የሚመጣ እንጂ የፔዳሉ የተለየ ጥፋት አይደለም።

ቲዩብ አምፕሊፋየርን በእርግጥ የሚጎዳው ሌላ ነገር ነውና ይህን አጋጣሚ ተጠቅሜ በአጽንዖት ልናገረው። ስፒከር ሳይሰካ አምፕሊፋየሩን አብርቶ መጫወት እጅግ አደገኛ ነው፤ የመውጫው ትራንስፎርመር ኃይሉን የሚያስረክበው ሲያጣ በውስጡ የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልቴጅ የትራንስፎርመሩን ሽቦ ሽፋን ሊበሳና ቲዩቦቹን ሊያበላሽ ይችላል። እንደዚሁም የስፒከር መውጫውን በፍጹም ወደ ፔዳል አይሰኩ። ሣጥኑን ከፍቶ መነካካትም ሙያውን ለሚያውቅ ሰው የሚተው ነው፤ ምክንያቱም ገመዱ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ወደ ድምፁ ስንመለስ፣ ትራንዚስተር ፔዳል የቲዩብን ድምፅ ያበላሻል የሚለው አስተያየት ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። ለገበያ ከቀረቡት የትራንዚስተር ፈዝ (ድምፁን በኃይል የሚያዛቡ) ፔዳሎች ቀዳሚ የሆነው ማይስትሮ ፈዝ ቶን እ.ኤ.አ. በ1962 ሲወጣ፣ የጊታር ተጫዋቾች የሚሰኩት በአብዛኛው ቲዩብ አምፕሊፋየር ላይ ነበር። የመሣሪያው አነሣስ ራሱ የሚያስገርም ነው፤ ናሽቪል ውስጥ ግሌን ስኖዲ የተባለ የስቱዲዮ ባለሙያ ከተበላሸ የመቅጃ መሣሪያ የወጣውን የሚያጉረመርም ድምፅ በትራንዚስተር መልሶ ለማግኘት ያደረገው ሙከራ ነው ወደ ፔዳልነት ያደገው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ እንግሊዝ አገር የተሠራው ሬንጅማስተር በአንድ የጀርማኒየም ትራንዚስተር ብቻ ቀጭኑን ድምፅ እያጎላ የቲዩቡን መግቢያ አጥብቆ የሚገፋ መሣሪያ ነበር። ዛሬ ብዙዎች «ንጹሕ የቲዩብ ድምፅ» ብለው የሚያደንቁት የዚያ ዘመን የጊታር ድምፅ እንግዲህ ገና ከጥንቱ ትራንዚስተርና ቲዩብ ተባብረው ያመጡት ነው።

ትብብሩ የሚሠራበትን መንገድ ማወቅ ከታች ላሉት መልሶችም ስለሚጠቅም ትንሽ ልቆይበት። የመጀመሪያው ቲዩብ ግሪድ ከካቶዱ (ኤሌክትሮኖች ከሚነሡበት ጫፍ) 1 ቮልት ተኩል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቆም ይደረጋል። የሚገባው ሲግናል ከዚህ ልክ ሲያልፍ ግሪዱ ራሱ ጅረት መሳብ ይጀምርና የሞገዱ አናት ይደፈጠጣል፤ በሌላው አቅጣጫ ያለው ጫፍ ግን ገና ቦታ ስላለው በዚያው መጠን አይነካም። ከዚህ ያለመመጣጠን ነው ጆሯችን ሞቅ ያለ ብሎ የሚቀበለው ድምፅ የሚወለደው። ጊታሩ ብቻውን አልፎ አልፎ የሚነካውን ይህን ልክ፣ ፔዳሉ ያለማቋረጥ እንዲነካ ያደርገዋል። ስለዚህ በቲዩብ አምፕሊፋየር ፊት የቆመ ፔዳል ዋና ሥራው ሲግናሉ በምን ያህል ጉልበት፣ የትኛውን የድምፅ ክልል አስቀድሞ ይዞ ወደ ቲዩቡ እንደሚደርስ መወሰን ነው፤ የራሱ ዲስቶርሽን (ሞገዱን ማዛባቱ) ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ጥያቄ፦ የኦቨርድራይቭ (ድምፁን ለስለስ አድርጎ የሚያዛባ) ፔዳሌ ድምፁ ባልተዛባ አምፕሊፋየር ላይ ግሩም ነው። በእኔ ቲዩብ አምፕሊፋየር ላይ፣ ጌይኑን (የፕሪአምፑን የማጉላት መጠን የሚወስነውን ማዞሪያ) ከግማሽ በላይ ከፍቼ ስጫወት ግን ወፍራሞቹ ክሮች ይደበላለቃሉ፣ ቀጫጭኖቹ ደግሞ እንደ ንብ ይጮኻሉ። ፔዳሉ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ፔዳሉ ደኅና ነው። ችግሩ ሁለት ጊዜ የተዛባ ሲግናል መሆኑ ነው። በአብዛኞቹ ኦቨርድራይቭ ፔዳሎች ውስጥ ሞገዱን የሚቆርጡት የሲሊከን ዳዮዶች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ከ0.6 ቮልት አካባቢ ጀምሮ ይሠራሉ። የፔዳልዎን ድራይቭ (የማዛባቱን መጠን የሚወስነውን ማዞሪያ) ከፍ ሲያደርጉ ሞገዱ እዚያው ተቆርጦ፣ አዳዲስ ሃርሞኒኮችን (ከዋናው በላይ የሚሰሙ ተጨማሪ ድምፆችን) ይዞ ይወጣል፤ ከዚያም ጌይኑ የተከፈተው ቲዩብ ያንኑ ዳግመኛ ይቆርጠዋል። በዚህን ጊዜ የጠንካራና የለስላሳ ምት ልዩነት ይጠፋል፤ የሚቀረው ወጥ የሆነ ጩኸት ነው።

እንዲህ ያድርጉ። የፔዳሉን ድራይቭ ወደ ዜሮ ወይም ወደዚያ ያስጠጉት፤ ሌቭል የሚለውን ማዞሪያ ግን ወደ መጨረሻው ያዙሩት፤ ቶኑን መካከል ላይ ይተዉት። የአምፕሊፋየሩን ጌይን አሁን ካለበት በጥቂቱ ይቀንሱ። በዚህ አቀማመጥ የሚዛባው ቲዩቡ ነው፤ ፔዳሉ የሚያደርገው መግፋት ብቻ ነው።

ስለ ወፍራሞቹ ክሮች መደበላለቅም አንድ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የጊታር ወፍራሙ ክር በተለመደው ቅኝት 82 ኸርዝ ላይ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ እንዲህ ያለው ዝቅተኛ ድምፅ ሰፊ ሞገድ ስላለው የቲዩቡን ቦታ ቀድሞ ይይዝና ሌላውን ሁሉ አብሮ ያዛባዋል። አይባኔዝ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ቲዩብ ስክሪመር ይህን ያህል የተወደደው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፦ ሲግናሉን የሚያሳድገው ክፍል ከ720 ኸርዝ በታች ላለው ድምፅ የሚሰጠውን ጉልበት እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ወደ ቲዩቡ የሚደርሰው መካከለኛው ክልል የጎላበት፣ ከሥሩ የተሰበሰበ ሲግናል ነው። ብቻውን ሲሰማ ፔዳሉ ቀጭንና አፍንጫ አፍንጫ የሚል ነው፤ ጌይኑ ከተከፈተ ቲዩብ ፊት ሲቆም ግን ያው ጉድለቱ መድኃኒት ይሆናል። የእርስዎ ፔዳል ወፍራሙን ድምፅ ሳይቀንስ የሚያሳልፍ ዓይነት ከሆነና የቤዝ ማዞሪያ ካለው፣ ከምቾትዎ በታች ይቀንሱት፤ የጎደለውን በአምፕሊፋየሩ ቤዝ መልሰው መሙላት ይችላሉ። በአብዛኞቹ ጌይናቸው ከፍ ያለ አምፕሊፋየሮች የቶን ማዞሪያዎቹ ከዋናው መዛባት በኋላ የሚመጡ በመሆናቸው፣ እዚያ የተጨመረ ቤዝ ድምፁን ያጠነክረዋል እንጂ አያደበላልቀውም።

ጥያቄ፦ ለብቸኛ ጨዋታ ብዬ የገዛሁት ቡስተር (ሲግናሉን የሚያጎላ) ፔዳል ስረግጠው ድምፄ አይጨምርም፤ ይበልጥ ይዛባል እንጂ። ከበሮውና ኪቦርዱ ይውጡኛል።

መልስ፦ ይህ የሚሆነው አምፕሊፋየርዎ ቀድሞውኑ ልኩ ላይ ስለደረሰ ነው። አናቱ የተደፈጠጠ ሞገድ ከፊቱ የቱንም ያህል ቢገፋ ከፍታው አይጨምርም፤ ይበልጥ ይደፈጠጣል እንጂ። በተጨማሪም ጆሯችን ድምፅ እጥፍ ሆነ ብሎ እንዲቀበል የኃይሉ መጠን ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት፤ ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ባለ 15 ዋት አምፕሊፋየር ይህንን ከየትም አያመጣውም።

አምፕሊፋየሩ ኢፌክት ሉፕ (በፕሪአምፑና በፓወር አምፑ መካከል ፔዳል የሚሰካበት መውጫና መግቢያ) ካለውና መዛባቱ ከፕሪአምፑ፣ ማለትም ስፒከሩን ከሚነዳው ፓወር አምፕ በፊት ካለው የመጀመሪያ ማጉያ የሚመጣ ከሆነ ቡስተሩን ከጊታሩ ፊት አንሥተው በሉፑ ሴንድና ሪተርን መካከል ያስገቡት። እዚያ ቦታ ላይ መዛባቱ ስላለቀ የሚጨመረው ጉልበት እንዳለ ወደ ድምፅ ከፍታ ይለወጣል፤ በእርግጥ ፓወር አምፑ ገና ቦታ እንዲኖረው ማስተር ቮልዩሙን ዝቅ ማድረግ ይኖርብዎታል። ሉፕ ከሌለው የሚሻለው ተቃራኒውን መንገድ መያዝ ነው፦ አምፕሊፋየሩ ራሱ ሳይዛባ እንዲቆይ ጌይኑን ይቀንሱና መዛባቱን ከፔዳል ይውሰዱ። ሌላም በጣም ቀላል መንገድ አለ፤ እኔም አስቀድሞ እንዲሞከር የምመክረው እርሱን ነው። ለአጃቢነት ሲጫወቱ የጊታርዎን ቮልዩም ወደ 6 ወይም 7 ያውርዱት፤ ብቸኛ ጨዋታው ሲደርስ እስከ መጨረሻው ይክፈቱት። አጃቢውን ዝቅ ማድረግ ብቸኛውን ከፍ ለማድረግ ከመታገል ይቀልላል፤ ቲዩብም ለጊታር ቮልዩም የሚሰጠው ምላሽ እጅግ የተዋበ ነው።

ጥያቄ፦ ዲሌይና ሪቨርብ ፔዳሎቼን (ማሚቶና የሰፊ አዳራሽ ድምፅ የሚፈጥሩትን) በአምፕሊፋየሩ መግቢያ ልሰካቸው ወይስ በሉፑ ውስጥ?

መልስ፦ የሚወስነው መዛባቱ የት እንደሚፈጠር ነው። አንድ ሰው ገደል ፊት ቆሞ ሲጣራ መጀመሪያ የሚጮኸው እርሱ ነው፤ የገደል ማሚቶው የሚመልሰው የተጮኸውን ነው። ዲሌይ በተከፈተ ፕሪአምፕ ፊት ከተሰካ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ማሚቶው ከአዲሱ ምት ጋር ተቀላቅሎ አብሮ ይዛባል፤ ቀስ እያለ መጥፋት የነበረበት ድምፅም ከዋናው እኩል ጎልቶ ይቆያል። ስለዚህ መዛባቱን ከፕሪአምፕ ቲዩቦች የሚያገኙ ከሆነ ዲሌይና ሪቨርብ ወደ ሉፑ ይግቡ። ዋህ፣ ኮምፕረሰር፣ ፈዝና ኦቨርድራይቭ ፊት ለፊት ይቅሩ። ኮረስና ፌዘር በሁለቱም ቦታ ያምራሉና ጆሮዎ ይወስን። አምፕሊፋየሩን ሳያዛቡ የሚጫወቱ ከሆነ ሁሉንም በመግቢያው መደርደር ምንም ችግር የለውም።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። በአንዳንድ አምፕሊፋየሮች ሉፑ ውስጥ ያለው ሲግናል በስቱዲዮ መሣሪያ ልክ የተዘጋጀ፣ ወደ 1.2 ቮልት የሚጠጋ ነው፤ ለጊታር ሲግናል የተሠራ ባለ 9 ቮልት ፔዳል ይህን ሲቀበል ራሱ ሊዛባ ይችላል። ሌቭል መምረጫ ማብሪያ ካለው ዝቅተኛውን ይምረጡ፤ ከሌለው የፕሪአምፑን ቮልዩም ቀንሰው ማስተሩን ከፍ ያድርጉ። ሁለተኛው፣ ከወቅቱ ፋሽን አምፕሊፋየሮች ይልቅ በቀደሙት ላይ እንደሚታየው መዛባቱ የሚመጣው ከፓወር ቲዩቦቹ ከሆነ ሉፕ አይጠቅምም፤ ምክንያቱም ሉፑ ያለው ከእነርሱ በፊት ነው።

ጥያቄ፦ ሰባት ፔዳሎች በቦርድ ላይ አሉኝ፤ ሁሉም ትሩ ባይፓስ ናቸው። ሁሉንም ባጠፋቸው እንኳ ጊታሬ በቀጥታ ሲሰካ ከሚሰጠው ድምፅ ይልቅ የታፈነ ይሆናል። ሻጩ ትሩ ባይፓስ ድምፅ አይነካም ብሎኝ ነበር።

መልስ፦ ሻጩ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ግን ከፊሉን ብቻ ነው። ትሩ ባይፓስ ሲጠፋ እንደ ተራ ገመድ ይሆናል፤ ገመድ ደግሞ ራሱ ድምፅ ይነካል። የጊታር ገመድ በአንድ ሜትር ወደ 100 ፒኮ ፋራድ የሚጠጋ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የማጠራቀም ባሕርይ) አለው። ከጊታሩ እስከ ቦርዱ 6 ሜትር፣ ከቦርዱ እስከ አምፕሊፋየሩ ሌላ 6 ሜትር ቢሆን ድምሩ ወደ 1200 ፒኮ ፋራድ ይደርሳል። ፒክአፕ በሺህ የሚቆጠር ዙር የተጠቀለለ ሽቦ በመሆኑ ከዚህ ካፓሲታንስ ጋር አብሮ ይስተጋባል። ለምሳሌ 2.5 ሄንሪ ኢንዳክታንስ (ጥቅልል ሽቦ ለጅረት ለውጥ የሚያሳየው ተቃውሞ) ያለው ፒክአፕ በ3 ሜትር ገመድ ከ5 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ላይ የሚያሳየው ጉልህ ነጥብ፣ በ12 ሜትር ገመድ ከ3 ኪሎ ኸርዝ በታች ይወርዳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ድምፅም በፍጥነት ይጠፋል። እርስዎ የሰሙት መታፈን ይኸው ነው።

ፍቱኑ መፍትሔ በሰንሰለቱ መጀመሪያ አካባቢ አንድ በፈር ማስገባት ነው። በፈር በትራንዚስተር ወይም በአይሲ የሚሠራ፣ ሲግናሉን ሳያሳድግ የሚያስተላልፍ አነስተኛ ክፍል ነው። በመግቢያው እንደ ቲዩብ አምፕሊፋየር መግቢያ 1 ሜጋ ኦም አካባቢ ስለሚያሳይ ፒክአፑን አይጫነውም፤ በመውጫው ግን 1 ኪሎ ኦም ወይም ከዚያ በታች ስለሚሆን የሚከተለው ገመድ ቢረዝም አይበገርም። ትሩ ባይፓስ ያልሆኑ ብዙ ፔዳሎች ጠፍተውም ቢሆን ይህንን ሥራ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ከሰባቱ አንዱን እንዲህ ባለው መቀየር ሊበቃዎት ይችላል። በትራንዚስተር የተናቀው ይህ ትንሽ ክፍል የቲዩቡን ድምፅ ከማንኛውም ውድ ገመድ የበለጠ እንደሚጠብቀው ደፍሬ እናገራለሁ።

ከዚህ ሕግ ውጪ የሚሆነው እንደ ፈዝ ፌስ ያለው የቀድሞ ዓይነት ፈዝ ነው። የእርሱ መግቢያ ኢምፒዳንስ (ለሲግናሉ የሚያሳየው ተቃውሞ) በጣም ዝቅተኛ በመሆኑ አሠራሩ ከፒክአፑ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የጊታርን ቮልዩም ዝቅ ሲያደርጉት የሚጠራው ያ ባሕርዩም የሚመጣው ከዚህ ትስስር ነው። በፊቱ በፈር ከገባ ድምፁ ይሻክራል፤ ቮልዩሙን ሲያወርዱትም አይጠራም። ስለዚህ ፈዙ መጀመሪያ፣ በፈሩ ከኋላው ይቁም።

ጥያቄ፦ ፔዳሎቼን በአንድ አዳፕተር አገናኝቼ ስሰካ አምፕሊፋየሩ ያፏጫል፣ ያጉረመርማልም። አንድ ሰው የአምፕሊፋየሩን ሶኬት የመሬት ጥርስ ብነቅለው ጩኸቱ ይጠፋል ብሎኛል።

መልስ፦ የመሬቱን ጥርስ በፍጹም አይንቀሉ። ምናልባት ጩኸቱ ይጠፋ ይሆናል፤ ነገር ግን በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ብልሽት ቢፈጠር የኮረንቲው ኃይል በጊታርዎ ክሮች በኩል በእጅዎ ላይ ይመጣል፤ አፍዎ ማይክሮፎን ከነካም በሰውነትዎ ውስጥ ያልፋል። ለዚህ ችግር ማንም ሕይወቱን መክፈል የለበትም።

ምክንያቱ ሳይሆን አይቀርም ብዬ የምገምተው አዳፕተሩን ነው። ዲጂታል ዲሌይና ሪቨርብ ፔዳሎች በውስጣቸው ባለው ፈጣን ክሎክ (ሥራቸውን በሚመራው የኤሌክትሪክ ምት) የተነሣ በኃይል መስመሩ ላይ ፉጨት ይለቃሉ፤ መስመሩን ከኦቨርድራይቭ ጋር ከተጋሩት ፉጨቱ ወደ ኦቨርድራይቩ ይገባና እርሱም ቲዩቡም ያጎሉታል። ለማረጋገጥ ኦቨርድራይቩን በባትሪ ድንጋይ ያስነሡት፤ ፉጨቱ ከጠፋ ምክንያቱ ተገኝቷል ማለት ነው። ዘላቂው መፍትሔ እያንዳንዱ መውጫው ከሌላው የተነጠለ የኃይል ሣጥን መጠቀም ነው። የሚሊ አምፔሩን ድምርም ይቁጠሩ፤ ተራ ኦቨርድራይቭ ጥቂት ሚሊ አምፔር ሲበቃው ዲጂታሉ መቶና ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። በጀርማኒየም ትራንዚስተር የሚሠራ የቀድሞ ዓይነት ፈዝ ካለዎት፣ ብዙዎቹ የባትሪውን ፖዘቲቭ ከመሬት ጋር የሚያገናኙ ናቸውና ከሌሎቹ ጋር በአንድ የኃይል መስመር ቢሰኩ አዳፕተሩ ሾርት ያደርጋል፤ እርሱን በራሱ ባትሪ ይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ በውስጡ ቲዩብ ያለበት ፔዳል ብገዛ ከአምፕሊፋየሬ ጋር የበለጠ ይስማማ ይሆን?

መልስ፦ ለዚህ ብለው አይግዙት። በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው 12ኤኤክስ7 የሚሠራው በጥቂት ቮልት ብቻ ነው፤ በዚያ ሁኔታ ባሕርዩ በአምፕሊፋየርዎ ውስጥ ካለው ከተመሳሳዩ ቲዩብ በእጅጉ የራቀ ነው። ቮልቴጁን በውስጣቸው ከፍ አድርገው ቲዩቡን በደንብ የሚያሠሩም አሉ፤ እነርሱም ጥሩ ፔዳሎች ናቸው። ይሁን እንጂ እውነተኛው ቲዩብ በአምፕሊፋየርዎ ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቀዎት ስለሆነ፣ በእጅዎ ያለውን ተራ ኦቨርድራይቭ ሌቭሉን ከፍተው፣ ድራይቩን ዘግተው አንድ ሳምንት ይጫወቱበትና ከዚያ በኋላ ይወስኑ።